የሩታ ጉሮሮና አርባ አንድ ደረጃ

ለወሰን ነዋሪዎች በሙሉ፣ ጉዳዩ ይመለከተናል ለሚሉም ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፦ ኅዳር በገባ በሁለተኛው ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የሰባት ዓመቷ ሩታ አፏን ከፍታለች።

የከፈተችው በገዛ ፈቃዷ ነው፤ ምስክሮችም ነበሩ። አያቷ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ነበሩ። አጎቷ ፋኑኤል ነበር። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ኃይለጊዮርጊስና ነርሷ ነፃነት ነበሩ። ግድግዳው ላይ ጥርሷን የምትቦርሽ ቀጭኔም ነበረች። አፏ ውስጥ የገባው ጫፉ ላይ ጥጥ ያለበት ረጅም እንጨት ሲሆን፣ እንጨቱን የያዘችው የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ፀደንያ ናት።

እጇ ትንሽ ተንቀጥቅጧል። ይህ ግን ከማስታወቂያው ውጭ ነው።

«አአአ በይ፣ የኔ ቆንጆ።»

«አአአ... እህህ!»

«በቃ፣ አለቀ። አመመሽ?»

«አላመመኝም» አለች ሩታ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ግን ሊያመኝ ነበር።»

ከኋላዋ ፋኑኤል ጉሮሮውን ጠረገ። የሱ ጉሮሮ ጤነኛ ነው፤ የሚጠርገው የሚናገረው ሲጠፋው ነው።

«እናመሰግናለን» አለ። «እርስዎንም አደከምንዎት።»

እርስዎ። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ «ፀዲዬ» ሲላት የከረመ ሰው፣ መታወቂያ ሊያሳድስ የመጣ ይመስል እርስዎ አላት። ፀደንያ እንጨቱን ብልቃጧ ውስጥ ከተተችና፣ ቀና ሳትል፣ ለብልቃጧ የምትመልስ ይመስል «ምንም አይደል፤ አልደከመኝም» አለች።

*

ታሪኩን ከመሀል ለያዛችሁ ነገሩ ወዲህ ነው።

ፀደንያ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የምትሠራበት ላቦራቶሪ ከአንድ ሰው በላይ አይችልም። ከዓለም ጋር የሚያገናኘው በግድግዳው ላይ የተከፈተች፣ እጅ የምታሾልክ መስኮት ናት፤ በዚያች ሽንት ይገባል፣ ደም ይገባል፣ ውጤት ይወጣል። የሰፈሩ እናቶች እጇን አሳምረው ያውቁታል። ፊቷን መንገድ ላይ ሲያገኙት ግን የማንም ፊት ነውና ሰላም ሳይሉት ያልፋሉ።

ማታ ማታ ወደ የካ አባዶ ትሄዳለች። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። በየፎቁ ቆም ትልና ስልኳን አውጥታ የምታነብ ትመስላለች። ጎረቤቶቿ ብዙ ሰው የሚጽፍላት ሴት አድርገው ይቀኑባታል። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰዓቱና የባትሪው መጠን ነው። ትንፋሿ ሲመለስ «ሃሃ» ብላ ስልኩን ወደ ቦርሳዋ ትመልሰዋለች፤ ደረጃ ላይ ሰው ካለ ማለት ነው። ሰው ከሌለ ሳቁን ትተወዋለች።

ፋኑኤል የወይዘሮ ሙሉጌጥ ልጅ ነው፤ ወሰን ላይ የቀለምና የቧንቧ ዕቃ የሚሸጡት፣ ከነሐሴ ዝናብ የበለጠ ድምፅ ያላቸው ወይዘሮ ሙሉጌጥ። እሱ የሕንፃ ንድፍ ይሠራል። መሥሪያ ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ሌላ ሰው የሚወጣውን ደረጃ ሲስል ይውላል። እህቱ ሄለን ሆስተስ ናት። እሷ ሰማይ ላይ ስትሆን ልጇ ሩታ ምድር ላይ ትቀራለች፣ ምድር ላይ ያለ ልጅ ደግሞ ይታመማል፣ ስለዚህ ሚያዝያ ላይ ፋኑኤል የሩታን ጉሮሮ ይዞ መጣ።

ጉሮሮ ሁሉ አንድ አይደለም። አብዛኛው የልጆች ጉሮሮ ሕመም ቫይረስ የሚያመጣው ነው፤ ሞቅ ያለ ነገር ተጠጥቶ፣ ተነጫንጮ፣ በራሱ ጊዜ ይሄዳል። አንዳንዱን ግን ስትሬፕ የምትባል ባክቴሪያ ታመጣዋለች። እሷ ችላ ከተባለች ጉሮሮው ድኖ ጣጣው ልብ ድረስ ሊወርድ ይችላል። ሁለቱን በዓይን መለየት ከባድ ነው። ዶክተር ኃይለጊዮርጊስ ለዓመታት ግንባሩን እያሻሸ ይገምት ነበር፤ ግንባሩን ስለሚያሻሽ ሰው የሚያውቅ ይመስለው ነበር። ዓምና ግን ፈጣን መመርመሪያውን አስመጣ። ጥጡ ጉሮሮ ይነካል፣ ሁለት ፈሳሽ ውስጥ ይታጠባል፣ ጠብታው ትንሽ ነጭ ፕላስቲክ ላይ ይወርዳል፣ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል። አንድ ሰረዝ ከወጣ ስትሬፕ አልተገኘም። ሁለት ከወጣ መድኃኒት ነው። ሁለት ሰረዝ ምን ማለት እንደሆነ የማታውቅ ሴት ወሰን ውስጥ የለችም፤ ችግሩ የሚያውቁት ለሌላ ጉዳይ መሆኑ ነው። መስከረም ላይ አንዲት እናት የአራት ዓመት ወንድ ልጇ ሁለት ሰረዝ አለበት ስትባል ወንበር ይዛ ነው የተቀመጠችው።

የሩታ ያኔ አንድ ሰረዝ ነበር። በሳምንቱ አጎቷ ብቻውን «ውጤቱን ላጣራ» ብሎ መጣ። ውጤቱ አልተለወጠም። በሌላው ሳምንት የሚጣራ ነገር ስላጣ፣ በመስኮቷ ጎንበስ ብሎ «እንጦጦ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

እንጦጦ። እናቷ ብርቄ ሃያ ዓመት ሙሉ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባዋ ያወረደችበት አቀበት። «አውቀዋለሁ» አለችው።

አምስት እሑድ ወጡ። በየአምሳ እርምጃው ፀደንያ ቆም ትልና ወደ ከተማዋ ትዞራለች።

«ደከመሽ እንዴ?»

«ኧረ አልደከመኝም። እየው እስቲ፣ እንዴት ታምራለች።»

እሱም ያያል። ቆርቆሮው፣ ክሬኑ፣ ጭጋጉ፣ ሁሉም ያምራል። ከተማ የምትወድ፣ አቀበት መሀል ቆማ ዝም የምትል ሴት አግኝቶ አያውቅም ነበር። በአምስተኛው እሑድ ወደ ቤቱ ገብቶ ወረቀት ዘረጋ።

ደብዳቤው ነሐሴ ላይ ደረሳት። ከደብዳቤው ጋር ቤት ነበር፤ በእርሳስ የተሳለ፣ ተዳፋት ላይ የቆመ፣ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት።

«ፀዲዬ፣ እናቴን ላሳምን ነው፤ ካሳመንኩ ሽማግሌ እልካለሁ፤ ካላሳመንኩም እልካለሁ። ይሄን ቤት የሳልኩት ላንቺ ነው። መቼ እንደምሠራው አላውቅም፣ ግን ያለዚህ ሌላ ቤት መሳል አቃተኝ። አንቺ ቆመሽ ማየት ስለምትወጂ ሳሎኑን እላይ አደረግኩት። የልጆቹን ክፍል ከሱ በላይ።»

ፀደንያ ስዕሉን ጭኗ ላይ ዘርግታ ደረጃውን በእርሳስ ጫፍ ቆጠረችው። አርባ አንድ። ከዚያ የልጆቹን ክፍል አየች። ሁለት አልጋ ነበረው።

መልሱን ሌላ ወረቀት ስላላገኘች በውጤት መስጫ ቅጽ ላይ ጻፈችው። እሱን ቅጽ ስትሞላ እጇ አይንቀጠቀጥም።

«የናሙና ዓይነት፦ ደብዳቤ። ውጤት፦ ኔጌቲቭ። አስተያየት፦ የለም።»

ማህተም መታችበት። ልማድ ነው።

*

አንዳንድ ሰው ምስጢር የሚይዘው የሚነግረው ሰው ስላጣ ነው። ፀደንያ ግን የጀመረችው ለእናቷ ብላ ነበር።

ሰባት ዓመቷ ሳለ ጉሮሮዋን አመማት። ብርቄ «እንጥሏ ወርዷል» ብላ፣ ከእንጦጦ ግርጌ በእጁ ወደሚታመን ሰውዬ ወሰደቻት። ሰውዬው ቆልመም ባለች ብረት እንጥሏን ቆረጠው። ፀደንያ ደም ተፋች፣ ሦስት ቀን አኮረፈች፣ ዳነች ተባለ። ብርቄ ለሰውዬው ሁለት ሸክም እንጨት በነፃ አወረደችለት። ከወር በኋላ የልጅቷ ጉልበቶች አበጡ፤ ሮጣለች ተባለ። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ኮሌጅ ደረጃ ላይ ወደቀች። የልብ ሐኪሙ ብዙ አዳመጣት። ያ የልጅነት ጉሮሮ ሳይታከም ቀርቶ ከልቧ በሮች አንዱን እንዳበላሸው፣ እንዳይብስ በየሃያ ስምንት ቀኑ መርፌ እንደሚያስፈልጋት ነገራት። «ስለ መውለድ ስታስቢ ደግሞ መጀመሪያ እኔን አማክሪኝ» አላት። ሳታማክረው መልሱን ራሷ ሰጠችው። መልሷም አትወልጂም የሚል ነበር።

ብርቄ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ «ያ ሰውዬ እጁ የተባረከ ነው፣ ልጄን ያዳነልኝ» ስትል ኖረች። እንዲህ ለምትል እናት ምን ይባላል? ፀደንያ ምንም አላለችም። ብርቄ ካለፈች አራት ዓመት ሆናት። ዝምታው ግን የሚወርሰው ስላላገኘ እዚያው ቤት ቀረ።

በየሃያ ስምንተኛው ቀን፣ ሐሙስ ይውላል፣ ስምንት ሰዓት ላይ ነጭ ጋዎኗን ታወልቅና ጥሩ ጫማዋን ታደርጋለች። ጤና ጣቢያ ሄዳ ትወጋለች። ጫማው ለመርፌው አይደለም። ከመርፌው በኋላ መገናኛ አንድ ኬክ ቤት ገብታ፣ ለሁለት ሰው በተዘጋጀ ጠረጴዛ ላይ፣ ራሷን ትጋብዛለች።

ነርሷ ነፃነት ጫማውን አየች፣ ሐሙሱን ቆጠረች፣ ፍርዷን ሰጠች። «ባለትዳር ነው» አለች። «ባይሆን በወር አንዴ ብቻ አይገናኙም ነበር።» ይህንንም ለፋኑኤል፣ ለደግ ብላ፣ ተንፍሳለታለች።

እናም ሁሉም የየራሱን ይዞ ተቀመጠ። ነፃነት ባለትዳሩን ይዛለች። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ደግሞ ሐምሌ ላይ በዚያች መስኮት ፊት «ልጄ የእንጨት ለቃሚ ልጅ አያገባም!» ብለው ስለነበር፣ ድሉ የሳቸው ነው። ፋኑኤል አንድ ቀን እናቱን ይጠላል፣ አንድ ቀን ባለትዳሩን። ፀደንያም ለሁሉም እንዳሰቡት ተወችላቸው። ሌላ ሰው የፈጠረላት ምክንያት ከእውነተኛው ይልቅ ይቀላት ነበር።

*

የሩታ ናሙና ፕላስቲኩ ላይ ወርዶ የስልኳ ሰዓት አምስት ደቂቃ መቁጠር ሲጀምር በመስኮቷ ላይ የፋኑኤል ጥላ ወደቀ። መስኮቷ ዝቅ ያለች ስለሆነች የሚታየው ከአገጩ በታች ነው። ሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ ወልቋል። የሚተክልለት የለም ማለት ነው፤ ወይም ሰዎች ቁልፍ መትከል ትተዋል።

«ደረሰ?»

«አራት ደቂቃ ከሃምሳ ይቀረዋል።»

«እዚሁ ልጠብቅ?»

«መስኮቱ የክሊኒኩ ነው።»

በነጩ ፕላስቲክ ላይ ሮዝ እርጥበት ቀስ እያለ ይወጣል።

«ትኩሳቷ ሠላሳ ዘጠኝ ደርሶ ነበር» አለ። «ሌሊቱን ሙሉ ስታቃዥ ‹ለፀዲ ንገሯት› ትላለች። ምኑን እንደምንነግርዎት አልገባንም።»

ፀደንያ ጓንቷን አወለቀች፤ መልሳ አጠለቀችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ስለ ሩታ ከሆነ።»

«ስለ ሩታ አይደለም።» የሸሚዙ ኮሌታ ከፍ ዝቅ አለ። «ደግ ሰው ነው?»

«ማን?»

«ሐሙስ ሐሙስ የሚያገኙት።»

ይህ ጥሩ አጋጣሚ ነበር። በሩ ከፍቶ ወንበር ያቀረበ አጋጣሚ። ፀደንያ አጋጣሚውን አየችው፤ ልብሱን፣ ቁመቱን አየችው። ከዚያም እንደ ለመደችው አሳለፈችው።

«ሰዓቱን ያከብራል» አለች።

«እሱማ ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ነው።»

«እኔ ቤቱ ያላማረሽ... ያላማረዎት መስሎኝ ነበር። መስኮቶቹን ደግሜ አያቸዋለሁ። ጠበቡ እንዴ እላለሁ።»

«መስኮቶቹ ቆንጆ ነበሩ።»

«ታዲያ ምኑ ነበር?» ጎንበስ አለ። ፊቱ መስኮቷ ውስጥ ገባ። ከስቷል፤ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ያ ሁሉ ወር በሐሳቧ ስታየው የነበረው ፊት ከዚህ ይወፍር ነበር። «እናቴ ከሆነች ልቻላት፤ ተዪው፣ ለምጃታለሁ። ሰውዬው ከሆነም ልወቀው። ‹አስተያየት የለም› ብሎ መልስ ምን ዓይነት መልስ ነው፣ ፀዲ? ለጠላት እንኳ አስተያየት ይሰጣል እኮ!»

ፀዲ አላት። ሳያውቀው ነው ያመለጠው። እሷ ከንፈሯን ገለጠች፤ ቃሉ እዚያው፣ እንጥል በሌለበት ጉሮሮዋ ላይ፣ ቆሞ ነበር።

ስልኩ ጮኸ።

ሁለቱም ወደ ፕላስቲኩ ዞሩ። የመጀመሪያው ሰረዝ ቀይ ሆኖ ቆሟል። ከጎኑ፣ ፈዘዝ ብሎ፣ ግን ለማንም ክርክር ሳይመች፣ ሁለተኛው ነበር።

ጎን ለጎን ናቸው፤ አይነካኩም። ፀደንያ ቅጹን ሞላች።

*

«ፖዘቲቭ ነው» አለ ዶክተር ኃይለጊዮርጊስ ቅጹን እያየ። ግንባሩን አላሻሸም፤ አያስፈልገውም። «ባለፈው ሌላ ክሊኒክ ሽሮፕ ተሰጥቷት ነበር አላችሁ፤ ጨረሰችው?»

«በሦስተኛው ቀን ተሻላት» አሉ ወይዘሮ ሙሉጌጥ። ከአግዳሚ ወንበሩ ግማሹን እሳቸው፣ ግማሹን ቦርሳቸው ይዞታል። «የቀረውን ፍሪጅ አስቀመጥኩት። ለሌላ ጊዜ ይሆናል ብዬ።»

«አሥር ቀን ነበር እኮ መውሰድ የነበረባት፣ እማማ። አሁን አንድ መርፌ እንሰጣትና እንገላገላለን። ባለፈው መድኃኒቱ ተስማምቷታል፣ ሽፍታም አልወጣባትም፤ አይደል?»

«መርፌ?» ወይዘሮዋ ሳቁ። «ለጉሮሮ ቂጥ መውጋት ምን የሚሉት ነገር ነው? ዶክተር፣ አይቀየሙኝና፣ የዚች ልጅ እንጥሏ ነው የወረደው። ከታች እንጦጦ በር አንድ የታወቀ ሰው አለ፤ ለዛሬ ተነጋግሬ ጨርሻለሁ። የኔንም ልጆች ያየልኝ የሱ አባት ነው። ይኸው ፋኑኤል በሬ አክሎ የለም?»

በሬው መሬት መሬት ያያል።

«እማዬ፣ ዶክተሩ እያለሽ ያለው...»

«አንተ ደረጃህን ሳል!»

«ለሄለን እንኳ ደውለን...»

«ሄለን ሰማይ ላይ ናት። መሬት ያለሁት እኔ ነኝ።»

ፋኑኤል በሠላሳ ሦስት ዓመቱ ከእናቱ ጋር በተከራከረ ቁጥር እዚህች ቦታ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ፀደንያ ቅጹን አቀብላ መሄድ ነበረባት፤ ግን በሩ ላይ ቆማ ቀርታለች። ሩታን አየቻት። ጉንጯ በትኩሳት ቀልቷል፤ ጉልበቶቿ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ቀጫጭን፣ የማያብጡ፣ ገና ያላበጡ ጉልበቶች።

«እማማ ሙሉጌጥ» አለች። ድምፅዋ ለራሷም ባዕድ ሆነባት። «መቆረጡ ባክቴሪያውን አያወጣውም። ጉሮሮዋ ቢድንም ውስጥ ውስጡን...»

«አንቺ ደግሞ!» ወይዘሮዋ ዞረው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ከመስኮቷ ውጭ ሙሉ ሰውነቷን ልብ ብለው ሲያዩ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። «እናንተ እዚያ ላይኛው ሰፈር ሁላችሁም ተቆርጣችሁ አይደል ያደጋችሁት?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን ሆናችሁ?»

ክፍሉ መልስ ጠበቀ። ፀደንያ ጋዎኗን አንገቷ ላይ ሰብሰብ አደረገች።

«ምንም» አለች።

«ይኸው!» ወይዘሮ ሙሉጌጥ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጨካኝ ሴት አይደሉም፤ ስላሸነፉ ደግ ሆኑ። «ደግሞ በግድ ነው እንዳትሉኝ። ልጅቷ ራሷ ትፍረድ። እሺ ካለች ትወጋ፣ እምቢ ካለች ወደ ሰውዬው እንሂድ። ሩታዬ፣ መርፌ ትወጊያለሽ?»

«አልወጋም!»

«ልጅ አይዋሽም።»

ፀደንያ መጥታ ሩታ ፊት ተንበረከከች። «ምን ባደርግልሽ ትወጊያለሽ?»

ሩታ ነገሩን በቁም ነገር አሰበችው። ክፍሉን አንድ ዙር ቃኘች። ዓይኗ ዶክተሩ አንገት ላይ በተንጠለጠለው ማዳመጫ ላይ አረፈ።

«በዚያ የሁላችሁንም ልብ ልስማ።»

«የሁላችንንም?» ዶክተሩ ሳቀ።

«የሁላችሁንም። አንድ ሰው ከቀረ አልወጋም።»

ዶክተሩ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰካላት። መጀመሪያ አያቷን ሰማች። «ዱብ ዱብ ይላል። እንደ በር መምታት።» ነፃነትን ሰማች። «ዱብ ዱብ።» ዶክተሩን ሆዱ ላይ ሰማችውና «የዶክተር ልብ ተርቧል» አለች። ፋኑኤልን ሰማች። «ፋኒ፣ ያንተ ደግሞ ይሮጣል! ማን እያባረረው ነው?» ፋኑኤል ቀና ብሎ ፀደንያን አየ፤ ወዲያው ቀጭኔዋን አየ።

«በቃ፣ አሁን ትወጊያለሽ» አለች ፀደንያ ተነሥታ።

«አንቺስ?»

«እኔ ሥራ አለብኝ፣ ሩቲ። ናሙና እየጠበቀኝ ነው።»

«አንድ ሰው ከቀረ አልወጋም።»

ወይዘሮ ሙሉጌጥ ቦርሳቸውን ጨበጡ። «ሰምታችኋል። በሉ ተነሡ፣ ሰውዬው ይጠብቀናል።» የሩታን እጅ ያዙ።

ከወንበሩ እስከ በሩ ስድስት እርምጃ ነው። ፀደንያ አየቻቸው። ሩታ አንደኛውን፣ ሁለተኛውን ረገጠች። ከበሩ ማዶ ታክሲው፣ ከታክሲው ማዶ አቀበቱ፣ ከአቀበቱ ማዶ ቆልመም ያለች ብረት ነበረች። ከዚያም ማዶ፣ በጣም ርቆ፣ አንድ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ቆማ ስልኳን የምታነብ ሴት።

«እሺ» አለች ፀደንያ። የጋዎኗን የላይኛውን ቁልፍ ፈታች። «ነይ ስሚኝ።»

በሩ ጋ ደርሳባቸው ተንበረከከች። ቀዝቃዛዋ ክብ ብረት ደረቷ ላይ አረፈች። ሩታ ሰማች። ቅንድቧ ተሰበሰበ። ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውጥታ አራገፈችው፤ መልሳ ሰካችው፤ እንደገና ሰማች።

«ያንቺ ሌላ ነው» አለች።

«እንዴት ሌላ?» አለ ዶክተሩ፣ አሁንም እየሳቀ።

«የነሱ ዱብ ዱብ ነው። የፀዲ ግን ዱብ... ሹሹ። ዱብ... ሹሹ።» ሩታ ይበልጥ ጠጋ አለች። «በሩ እንዳልተዘጋ ታክሲ ነው። ነፋስ ይገባበታል።»

የዶክተር ኃይለጊዮርጊስ ሳቅ መሀል መንገድ ላይ ቀረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህች ሴት ሦስት ሜትር ርቆ የልጆችን ልብ ሲያዳምጥ ኖሯል። ማዳመጫውን ሊቀበል እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ መስማቱ ምንም እንደማይጨምር ገብቶት እጁን መለሰው። ነፃነት ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ አየች። ከንፈሯ ሃያ ስምንት ድረስ ቆጠረ። ሐሙስ። በሷው ክሊኒክ፣ በገዛ እጇ፣ ልባቸው ለታመመ ልጆች በየሃያ ስምንት ቀኑ የምትወጋውን መርፌ አሰበች። ባለትዳሩ ሰውዬ፣ ከነመኪናው፣ ከነቤቱ፣ ከነሚስቱ፣ ከነፃነት ራስ ውስጥ ወጥቶ ሄደ።

ፋኑኤል ግድግዳውን ተደግፎ ነበር።

«እንጦጦ» አለ። ለማን እንዳለ አይታወቅም። «በየአምሳ እርምጃው...»

ፀደንያ አልተነሣችም።

«ከተማዋን አይደለም ያየሽው።»

«ከተማዋም ታምር ነበር» አለች።

«እኔ ደግሞ ሳሎኑን እላይ...» ከግድግዳው ተላቀቀ። «ስንት ደረጃ ነበር፣ ፀዲ? ስንት አድርጌው ነበር?»

«አርባ አንድ።»

«ቆጠርሽው?»

«ቆጠርኩት። ከላይ ግን ጥሩ ሳይታይ አይቀርም።»

ወይዘሮ ሙሉጌጥ በሩ ጋ፣ የሩታን እጅ እንደያዙ፣ ቆመዋል። ቅድም የጠየቁት ጥያቄ መልሱን ይዞ ዞሮ መጥቶ ፊታቸው ላይ ቆሟል።

«በስንት ዓመትሽ ነው?» አሉ። የሳቸው ድምፅ መሆኑ ያጠራጥር ነበር።

«በሰባት፣ እማማ።»

ወይዘሮዋ የያዙትን እጅ አዩት። ትንሽ ነው፤ ትኩስ ነው። ከዚያ ስድስቱን እርምጃ መለሱና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ሩታን ጭናቸው ላይ አስተኟት።

«መርፌውን አምጪ» አሉ ነፃነትን ሳያዩ። ቦርሳቸውን ከጎናቸው አነሡና መሬት ላይ አስቀመጡት። ቦርሳቸውን መሬት ላይ ሲያስቀምጡ ማንም አይቷቸው አያውቅም።

«አንቺም ተነሺ ከዚያ ከቀዝቃዛው። ነይ እዚህ ቁጭ በይ። ደክሞሻል።»

ፀደንያ አፏን ከፈተች። መልሱ ከንፈሯ ላይ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየደረጃው፣ በየአቀበቱ፣ በየመስኮቱ ስትሰጠው የኖረችው መልስ። ፋኑኤል እጁን ዘረጋላት። ይዛው ተነሣችና ሄዳ፣ ቦርሳው በለቀቀው ቦታ ላይ ተቀመጠች።

«አዎ» አለች። «ደክሞኛል።»